የሥነ ልቦና ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ?

እኔ በመምህርነት የምመራው የትምህርት ቤታችን የሥነ ልቦና ክበብ ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ሰሞን ሁለት ዓይነት ወሬ ተነሥቶ ነበር። አንዱ «እዚያ የሰው ሐሳብ ማንበብ ያስተምራሉ» የሚል ነው። ሌላው «ችግር ያለበት ልጅ ነው የሚገባው» የሚል። አንዲት እናት ልጃቸው መመዝገቡን ሲሰሙ በር ላይ ጠብቀው «ልጄ ምን ሆነብኝ?» አሉኝ። ምንም አልሆነም። ጠያቂ ልጅ ስለሆነ ነው የመጣው። በሰፈራችን የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ዛሬም ለስድብ ይውላል። ሥነ ልቦና የተባለን ነገር ሁሉ ከዚያ ጋር ማያያዝ ለምዶብናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህ ይታወቅልን። ሥነ ልቦና የሰውን ባሕርይና በአእምሮው ውስጥ የሚካሄደውን ነገር በሳይንስ ዘዴ የሚያጠና ትምህርት ነው። ሕክምናው ከብዙ ዘርፎቹ አንዱ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ አናክምም። የግል ችግሩን ይዞ የመጣ ተማሪ ሲኖር ለቤተሰቡና ለሚመለከተው አካል እንዲደርስ አድርገናል። ይህን ያህል ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት አንድ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ፣ ግን እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ስብሰባዎቻችንን በዝርዝር አልተርክም። ዓርብ ከሰዓት ተሰበሰብን፣ ሥራ አስፈጻሚ መረጥን፣ ዕቅድ አወጣን፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን። ሰነዱ በክበባት አስተባባሪው እጅ ይገኛል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በታሪኩ ላይ አለፈ። ሰው ስለ ነፍስና ስለ ሐሳብ መጠየቅ ከጀመረ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አርስቶትልም ጽፎበታል። ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኖ የተቆጠረው ግን እ.ኤ.አ. በ1879 ዊልሄልም ቩንት በጀርመን ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ሲከፍት ነው። እዚያ አንድ ሰው ድምፅ ሰምቶ ምላሽ እስኪሰጥ የሚፈጅበትን ጊዜ ይለኩ ነበር። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ወዲያው «እኛስ በምን እንለካለን?» አለ። በማስመሪያ ለካን። አንዱ ማስመሪያውን ይለቃል፣ ሌላው በሁለት ጣቱ ይይዛል። የፊዚክስ መምህራችን ስሌቱን ሠሩልን። ማስመሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ከተያዘ ልጁ የፈጀበት ጊዜ 0.2 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ ያው ልጅ ከጓደኛው ጋር እያወራ እንዲይዝ አደረግን። ማስመሪያው ብዙ ወረደ። ስልክ እያወሩ መንዳት ለምን አደገኛ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማብራራት አላስፈለገኝም።

ከታሪኩ ሁሉ ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ትውስታ ያሳተመውን ጥናት የሠራው በራሱ ላይ ነው። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ፈጥሮ እየሸመደደ ምን ያህሉ እንደሚጠፋበት ለካ። የእኛም ልጆች በፊደላችን «ዠሙፌ»፣ «ቂዶጨ» የመሳሰሉ ቃላት ፈጠሩ። ጥቁር ሰሌዳው በእነዚህ ቃላት ተሞልቶ ያየ የፈረቃ መምህር ምን እንዳለ አላውቅም። ውጤታቸው ግን ከኤቢንግሃውስ ጋር ተቀራረበ። አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ይህን ካዩ በኋላ ማታ ያጠኑትን ጠዋት መድገም ጀመሩ። ለእኔ ከማንኛውም ምክር የሚበልጠው ይህ ነው፤ ማንም ሳይነግራቸው በራሳቸው ላይ አይተው ያመኑት ነገር ነውና።

የሥነ ልቦናን ዋና ዋና አመለካከቶች ያቀረብነው በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ነው። አንድ ጉዳይ መረጥን፤ ፈተና ሲደርስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ። አንዷ በባዮሎጂ በኩል አየችው፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል አለች። አንዱ ስለ ድብቁ የአእምሮ ክፍል የጻፈውን ሲግመንድ ፍሮይድን ይዞ መጣና ልጁ ራሱ የማያውቀው፣ ከልጅነቱ የቆየ ግጭት ሊኖር ይችላል አለ። ሦስተኛው ምግብ የሚያበስር ድምፅ ለምደው ድምፁን ሲሰሙ ብቻ ምራቃቸው የሚወርደውን የፓቭሎቭን ውሾችና፣ የሚታየውን ባሕርይ ብቻ እናጥና የሚለውን የጆን ዋትሰንን ቢሄቪየሪዝም አነሣ። ፍርሃትም ይለመዳል፤ አንድ ጊዜ በፈተና ክፍል የተዋረደ ልጅ ክፍሉን ሲያይ ብቻ ሊፈራ ይችላል አለ። ሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ ተቀባይነት ማግኘት ያስፈልገዋል ባለው በካርል ሮጀርስ በኩል የቆመችው ልጅ «ውጤቱ ዝቅ ቢልም ቤተሰቡ እንደሚወደው ያውቃል ወይ?» ስትል ሰልፉ ጸጥ አለ። ኮግኒቲቭ የሚባለው፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ የጎላው አመለካከት፣ ልጁ ለራሱ የሚነግረውን ነገር ይመለከታል። «ከወደቅሁ አለቀልኝ» የሚል ልጅና «ከወደቅሁ እደግመዋለሁ» የሚል ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ሁለት የተለያየ ፈተና ይፈተናሉ።

ልጆቹ ከሁሉ ፍሮይድን ወደዱት። ሕልም መፍታት ስለሚመስላቸው ነው። የእኔን አቋም ግን ነግሬያቸዋለሁ። ፍሮይድ ትልቅ በር ከፍቷል፤ ከሐሳቦቹ ብዙዎቹ ግን ትክክል ይሁኑ ስሕተት በሙከራ ለመለየት አስቸጋሪ ናቸው። የማይፈተን ሐሳብ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጥም በሳይንስ ቤት ወንበሩ አይጸናም።

ዋትሰን ላይ ግን ተቆጥተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1920 ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር አልበርት ብለው የጠሩትን ሕፃን ነጭ አይጥ እንዲፈራ አደረጉት። አይጧን ሲያቀርቡለት ከኋላው ብረት እየመቱ ያስደነግጡት ነበር። ፍርሃቱን ሳያስለቅቁት ልጁ ሄደ። ክርክሩ ከተመደበልን ሰዓት አልፎ ዘበኛችን በር ሊዘጉ እስኪመጡ ቀጠለ። በመጨረሻ ልጆቹ ራሳቸው ደንብ አወጡ። ከወላጅ ፈቃድ ውጪ ማንንም ልጅ አንጠይቅም። ልጁ በቃኝ ካለ እናቆማለን። ማንንም አናስደነግጥም፣ አናሳፍርም።

ይህን ደንብ ይዘን ነው በመጋቢት ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ወዳለው አፀደ ሕፃናት የሄድነው። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናውን የስዊዘርላንዳዊውን የዣን ፒያዤን የውሃ ሙከራ ልንሠራ ነበር። ሁለት እኩል ብርጭቆና አንድ ጠባብና ረጅም የጁስ ብርጭቆ ያዝን። ውሃው በደንብ እንዲታይ ከርከዴ ጠብ አደረግንበት። በሁለቱ እኩል ብርጭቆዎች ያለው ውሃ እኩል መሆኑን ሕፃኑ ሲያምን፣ አንዱ እያየ ወደ ረጅሙ ይገለበጣል። «አሁንስ የትኛው ይበዛል?» ይባላል። ፒያዤ እንዳሳየው ሰባት ዓመት ገደማ ያልሞላቸው ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ያመለክታሉ።

«ይሄ!» አለ የመጀመሪያው ሕፃን፣ ረጅሙን እየነካ። ከእኛ ልጆች አንዱ ሳቀና ሊያርመው ሲል አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጁን ያዘችው። «ተወው፣ ለምን እንዳለ እንጠይቀው» አለች። ይህች ልጅ በክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ነች። ያደረገችው ግን ፒያዤ በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ ያደረገውን ነው። እሱም የልጆችን የማሰብ ችሎታ መመዘኛ ባዘጋጀው በአልፍሬድ ቢኔ ላቦራቶሪ የልጆች ፈተና ሲያርም ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ስሕተቱ ሳበው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች ተመሳሳይ ስሕተት ከሠሩ ከስሕተቱ በስተጀርባ የራሱ የሆነ አስተሳሰብ አለ ማለት ነው ብሎ አሰበ።

ቀጥላ አንዲት የአምስት ዓመት ሕፃን መጣች። «ያው ነው» አለች። «ለምን?» ስትባል «ከዛኛው ነው የገለበጥሽው። ብትመልሺው እኩል ይሆናል» ብላ እንደ ትልቅ ሰው አስረዳቻት። ሚሷም እኛም ተያየን። ተማሪያችን ተንበርክካ «እቤት ውሃ ማን ነው የሚቀዳው?» አለቻት። «እኔና እማዬ፤ ከበርሜሉ በሃይላንድ እየቀዳን።» በሰፈራችን በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በርሜል፣ ጀሪካንና ሃይላንድ የሌለበት ቤት የለም።

ስንመለስ ልጅቷ ከጎኔ መጣች። «ቲቸር፣ ያቺ ሕፃን ያወቀችው ጎበዝ ስለሆነች ነው ወይስ ውሃ ስለምትገለብጥ?»

መንገዱ ላይ ቆምኩ። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ ጥናት አለ። ሜክሲኮ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጆች ጭቃ ቅርጹ ቢቀየርም መጠኑ እንደማይቀየር ከእኩዮቻቸው ቀድመው ይረዱ እንደሆነ የመረመረ ነው። ይረዱ ነበር። የዕለት ሥራ አስተሳሰብን ሊያፈጥን ይችላል ማለት ነው። ተማሪዬ ያንን ጥናት አይታው አታውቅም። እሷም ከት/ቤት መልስ ጀሪካን ይዛ የምትሰለፍ ልጅ ነች። ወደዚያው ጥያቄ በራሷ እግር ደረሰች። በሪፖርቷም «አንድ ሕፃን ማስረጃ አይሆንም፣ ብዙ ልጆች ማየት አለብን» ብላ ጻፈች። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በዚህ ዓመት እንዳነበብኩት ዓረፍተ ነገር ያኮራኝ ጥቂት ነው። ክበቡ ምን ያደርጋል ለሚሉኝ መልሴ እሱ ነው።

ያልተሳካም አለ። ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በኋላ የአባላት ቁጥር ቀንሷል። የጋበዝናቸው እንግዳ አልመጡም። በዐውደ ርዕያችን ቀን መብራት ጠፍቶ ያዘጋጀነው ስላይድ ሳይታይ ቀረ። ስድስት ኪሎ ሄደን ዩኒቨርሲቲውን ለማየት የነበረው ዕቅድ ተሽከርካሪ ስላልተገኘ ተሰረዘ፤ ከዚህ እስከዚያ ልጆችን ታክሲ እያቀያየርኩ ለመውሰድ ኃላፊነቱን አልወሰድኩም። የቆለፍንበት ቁም ሣጥን የለንም፣ የዓመቱ ሥራ ያለው እኔ ቤት በካርቶን ነው። ለስፖርት ክበብ ኳስና ማሊያ ሲገዛ ከልባችን አጨብጭበናል። በሚቀጥለው ዓመት ተራው ይድረሰን ብንል ነውር አይሆንም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚቆለፍ ቁም ሣጥን፣ ጥቂት የሰዓት መቁጠሪያ፣ ጥቂት መጻሕፍት፣ ለአንድ ቀን ጉዞ አውቶቡስ። ወላጆችም የቀድሞ ተማሪዎችም በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) በኩል ወይም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሊያገኙኝ ይችላሉ። በጥቅምት የውሃውን ሙከራ በብዙ ሕፃናት እንደግመዋለን። ቤታቸው ውሃ የሚቀዱትንና የማይቀዱትን እናነጻጽራለን። የወላጅ ፈቃድ ቅጹን ልጅቷ አዘጋጅታ ጨርሳለች። የቀረው ማተሚያ ወረቀት ነው፤ አንድ እሽግ ይበቃናል።