ዲንሾ ላለችው ልጄ

ሆዴ፣

እንዴት ነሽ? ብርዱንስ ለመድሽው? እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። ባለፈው ስልክ ላይ ልነግርሽ ጀምሬ ኔትወርኩ ቆረጠን። ደግሞም ያን ቀን ምክር የምትሰሚበት ስሜት ላይ አልነበርሽም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ማታ ተረጋግተሽ አንብቢው።

"ስፖርት አስተማሪ ሆኜ እዚህ ምን ልሠራ ነው?" ነው ያልሽኝ። ኳስ የለም፤ ሜዳው ላይ ከብት ይግጣል፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲደርስ ያንቺ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል። ይገባኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳየው የኖርኩት ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የስፖርት መምህርን የሚያስታውሰው ሰው የለም፤ የቀረ መምህር ሲኖር ግን "ክፍሉን ያዝልን" የሚባለው እሱ ነው።

እስቲ ስለ አንድ ሰው ላጫውትሽ። ከአሰላ ወደ ዲንሾ ስትሄጂ አውቶብሱ በቆጂን አቋርጦ አልፏል። ተኝተሽ ካልሆነ አይተሻታል። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉት መምህር የሠሩት እዚያች ከተማ ነው። ልጆቹ "ኮች" ይሏቸዋል።

ሰውየው የሐረር ልጅ ናቸው። ልባቸው የነበረው እግር ኳስ ላይ ነው። መምህር ሆኑና በቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ያስተምሩ ጀመር። ከሐረር ሙቀት ወደ በቆጂ ብርድ! 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የገብስና የስንዴ አገር ናት። ኳስ ወዳዱ ሰው ያገኙት ሩጫ የሚችል ልጅ ነው፤ እሳቸውም ወደ ሩጫው ዞሩ። ኋላ ላይ የከተማው አትሌቲክስ አሰልጣኝ ሆነው ቀሩ።

በእሳቸው እጅ ካለፉት አንዷ ደራርቱ ቱሉ ናት። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ የሴቶችን ማራቶን ወሰደችው። ቀነኒሳ በቀለ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ 5,000ንም 10,000ንም ጠራረገ፤ ጥሩነሽ ዲባባም እዚያው ቤጂንግ ላይ ሁለቱንም። የጥሩነሽ ታናሽ ገንዘቤ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ሞናኮ ላይ የ1,500 ሜትር የዓለም ሪከርድ ሰበረች። ይሄ ሁሉ ከአንዲት የአርሲ ከተማና ከዙሪያዋ ነው።

ሰው "ከፍታው ነው" ይላል። አየር ሲሳሳ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከመውን ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ባዮሎጂ ነው፣ አልክደውም። ግን ከፍታ ብቻ ቢሆን ያንቺ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ እስካሁን ሜዳሊያ ማስቀመጫ ባጣች ነበር! "ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት እየሮጡ ስለሆነ ነው" የሚሉም አሉ። እየሮጠ ትምህርት ቤት የማይሄድ የገጠር ልጅ የት አለ? እኔ የሚመስለኝ በቆጂ ውስጥ በየማለዳው ተነስቶ ልጆቹን የሚያይ ሰው ስለነበረ ነው። ከደራርቱ በኋላ ደግሞ ሥራው ቀለለ። ልጁ ሁሉ ያቺን የሚያውቃትን ልጅ አይቶ "እኔስ?" አለ።

አንድ ጊዜ ለፈተና ጉዳይ ሄጄ በቆጂ አድሬ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እግሬን ላፍታታ ወጣሁ። ጭጋጉ አላሳይ ብሏል። ባህር ዛፉ ውስጥ ኮቴ ሰማሁ። ልጆች በአንድ መስመር ተከታትለው፣ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ሽቅብ ይሮጣሉ። ማንም አያወራም። የፊተኛው የረገጠበትን የኋለኛው ይረግጣል። አንዲት ልጅ የኮንጎ ጫማዋ ተበጠሰባት። ቁጭ ብላ በሲባጎ አሰረችውና ተነስታ ጭራው ላይ ገባች፤ መስመሩ አልጠበቃትም፣ እሷም እንዲጠብቃት አልፈለገች። ዕድሜዋ 12 ቢሆን ነው።

ያቺ ልጅ የት እንደደረሰች አላውቅም። ምናልባት አገር ቤት ታርሳለች፤ ምናልባት እንዳንቺ አስተማሪ ሆናለች። ስለ በቆጂ ሲወራ የሚረሳው ይሄ ነው። እዚያ ከሚሮጡት ልጆች አብዛኞቹ ባንዲራ አይለብሱም። ብዙዎቹ ሕልማቸው "ክለብ መግባት" ነው፤ ደመወዝ አለው፣ አልጋ አለው፣ ምግብ አለው። ጎበዞቹን አዲስ አበባ ይወስዳቸዋል። ጥሩነሽ ራሷ ልጅ እያለች ለትምህርት ብላ አዲስ አበባ ሄዳ ምዝገባ አለፋት። ከመመለስ ብላ ሩጫውን ያዘች፤ ማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች። ከዚያ በኋላ ስሟ የሚነሳው ከሌላ አሰልጣኝ ጋር ነው። የትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሥራው የሚያልቀው ቴሌቪዥኑ ሳይመጣ ነው። ልጁን ይሸኛል፤ በነጋታው ቀኝና ግራ እጁን ከማያውቅ ሕፃን ጋር ከማሟሟቅ ይጀምራል። ስንታየሁ ይሄን ለዓመታት ደጋገሙት። እኔን የሚገርመኝ ከወርቁ ይልቅ ይሄ ነው።

"ታዲያ እኔ ደራርቱን ላወጣ ነው?" እንደምትይ አውቃለሁ። ማንም አላለሽም። ኳስ ግን አትጠብቂ፤ ሩጫ ኳስ አይፈልግም። ከአስተዳዳሪው ጋር አትጣዪ። ክፍለ ጊዜሽን ሲወስዱብሽ ከትምህርት በፊት ያለውን ሰዓት ጠይቂ፤ እሱን የሚሻማሽ የለም። የወላጅ ኮሚቴውን አነጋግሪና ከብቱ በሳምንት ሁለት ቀን ሌላ ቦታ ይዋል። ደብተር ግዢና የእያንዳንዱን ልጅ ስምና ሰዓት መዝግቢ። የዛሬ ወር ሰዓቱን እንዳሻሻለ በጽሑፍ ሲያይ ምን እንደሚሆን ታዪዋለሽ። ትንንሾቹን ረጅም ርቀት አታስሩጪ፤ ያልበላ ልጅም ካለ ዳር ይቁም፣ ሰዓት ይያዝልሽ። ሴቶቹ የሚቀሩብሽ ውሃ ሊቀዱ ስለሚላኩ ነው። እናቶቻቸው ዘንድ ራስሽ ሂጂ፤ ቡና ከጋበዙሽ እምቢ አትበዪ። ለዚህ ደግሞ ኦሮምኛሽን ማጥበቅ አለብሽ፤ አሁን የምትናገሪው ለገበያ እንጂ ለልመና አይበቃም።

ቅዳሜ በሚመጣው መኪና በሶ፣ ቆሎና የአባትሽን ጋቢ ልኬልሻለሁ። ሹፌሩ ስልክሽን ይዟል፤ መናኸሪያ ቀድመሽ ድረሺ፣ ባለፈው አስጠብቀሽው አኩርፏል። የሩጫ ሰዓት እዚህ ገበያ ላይ አይቼ ዋጋው አልተዋጠልኝም። አባትሽ አዳማ ሲሄድ ይጠይቅልሻል፤ እስከዚያ በስልክሽ ያዢ።

እናትሽ
ከአሰላ