ጋኑ ውስጥ ያለው ባል

ወንድምዓለም፣

ስንት ጊዜ ጠፍቶ ጉዳይ ሲገጥመው ብቅ የሚል ትለኛለህ። በል፣ ልክ ነህ፣ ይቅር በለኝ፤ የቀረውን ስንገናኝ ትሰድበኛለህ። አሁን የቸገረኝ ያ ባለጌ ጆሮህ ነው።

የጣሊያኑን ዳይሬክተር የፓዞሊኒን ፊልም «ዴካሜሮን» በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ (ሰብታይትል) እያዘጋጀሁ ነው፤ የ1971ዱን፣ በፈረንጅ። ከድሮው ጣሊያናዊ ደራሲ ከቦካቾ 100 ተረቶች ጥቂቱን ብቻ ወስዶ፣ ወረርሽኙን ሸሽተው ተረት የሚያወሩትን 10 ወጣቶች ጭራሽ ጥሎ፣ ነገሩን ወደ ናፖሊና ወደ ናፖሊ ቋንቋ ጎትቶታል። ተራኪ ስለሌለ አንዱ ተረት ሌላው ላይ ዘው ይላል። በየመግቢያው ርዕስ ልጨምር አልኩና ተውኩት፤ እሱ ያላለውን እኔ ምን አገባኝ።

የወፉን ተረት ታስታውሳለህ? በእንግሊዝኛ «ናይቲንጌል» የሚሉትን ቃል በቃል ከሄድክ «የሌሊት ወፍ» ይወጣልሃል፤ የሌሊት ወፍ ሲዘምር ልስማ ብሎ ሰገነት ላይ የሚተኛ ማን አለ! «ዘማሪ ወፍ» ብዬ አለፍኩ። ሥራው ገና ወፌ ቆመች ላይ ነው። (አትሳቅ።)

ያስጨነቀችኝ ፔሮኔላ ናት። ባል ሳይታሰብ መጣ፣ ውሽማ ጋን ውስጥ ገባ፣ እሷ «ገዢ ነው፣ ጋኑን እያየ ነው» አለች። ከዚያ ባልየው ራሱ ገብቶ ሲፍቅ፣ እሷ የጋኑ አፍ ላይ ተደፍታ «እዚህ ጋ፣ እዚያም» እያለች ታዛለች፤ ውሽማው ከኋላዋ ነው። ቀልዱ ትእዛዙ ለሁለቱም መሆኑ ነው። ግን የድሮ ሚስት ባሏን «አንቱ» ትላለች፤ «ይፋቁ» ካልኩ ለባል ብቻ ሆነ፣ ቀልዱ ሞተ። «ፋቅ» ካልኩ ሁለቱም ይሰማሉ፣ ሴትዮዋ ግን የዛሬ የሰፈር ሴት ትሆናለች። እኔ ወደ «ፋቅ» አዘንብያለሁ። አንተስ?

ሌላም አለ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ምስሉ ቀድሞ ይስቃል። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍዬ ግሱን ሁለተኛው ጽሑፍ ላይ አሳርፌዋለሁ። ከሁለት መስመር አላልፍም፣ አንዱ ጽሑፍም ከ6 ሰከንድ በላይ አይቆይም።

የምልክልህን ፋይል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ ክፈተው፤ አለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆንብሃል። ያንተ የፊልሙ ቅጂ ደግሞ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ከሆነ፣ እኔ የሠራሁት በ24 ነውና መጀመሪያ ላይ ልክ ይመስልና መጨረሻው ላይ ከ4 ደቂቃ በላይ ይዛነፋል። በእኔ እንዳትፈርድ፣ ፍጥነቱን ቀይረው።

የሌላኛውን ተረት ቀጣፊ፣ የቻፔሌቶን የውሸት ንስሐ አትንካብኝ፤ እሱ በግዕዝ ቀመስ አማርኛ ጥሩ ሄዷል። ቀጣፊው «አባቴ፣ በደልሁ» ሲል ካህኑ የሚያምንበት ቦታ ላይ አንድም ቃል አላሾፍኩም፤ ቁም ነገር በመሰለ ቁጥር ነው የሚያስቀው።

እና እ… እማማ እንዴት ናቸው? መጠየቅ የነበረብኝ መጀመሪያ ላይ ነበር፣ አውቃለሁ። የፔሮኔላን ብቻ እስከ እሑድ አይተህ ጻፍልኝ፦ «ፋቅ» ወይስ «ይፋቁ»።

ያው ጥፋተኛው