ስለ ጢስ ዓባይ የአንድ ቀን ጉዞ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሚያዝያ አንድ አባት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከእኛ ጋር ጢስ ዓባይ ሄደው ነበር። ፏፏቴው ፊት ለፊት ሲደርሱ ከደረት ኪሳቸው የድሮውን የአንድ ብር ኖት አወጡ። መሀሉ ተቀድዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ገልብጠው ጀርባው ላይ ያለውን ፏፏቴ ለልጆቹ አሳዩ። ከዚያ ቀና ብለው ገደሉን አዩት። በአንድ ጥግ ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ የቀረው ጥቁር ዓለት ነው። ወደ አስጎብኚያችን ዞሩና «ልጄ፣ ውሃውን የት አደረሳችሁት?» አሉት።

አስጎብኚያችን ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እውነታቸውን ነው። ማስታወቂያችን ላይ የለጠፍነው ፎቶ የመስከረም ነበር፤ ጉዞውን የሸጥንላቸው በሚያዝያ። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የፏፏቴ ጉዞ አንሸጥም። ገበያችንን እንደሚቀንሰው እናውቃለን። ቢሆንም የአባትየው ጥያቄ መልስ ይገባዋል፤ እናንተም ብትሰሙት ደስ ይለናል።

ውሃው የትም አልጠፋም፤ መንገድ ቀይሯል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ባሕር ዳር ጫፍ ላይ፣ ጨረጨራ የሚባል አነስተኛ ግድብ አለ። የተሠራው በ1988 ዓ.ም. ነው። በሮቹ የክረምቱን ውሃ ሐይቁ ውስጥ ያቆያሉ። እዚያው ፏፏቴው አጠገብ ደግሞ ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አሉ፤ አንዱ የ1950ዎቹ፣ ሌላው የ1990ዎቹ። ውሃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ጠልፈው ተርባይን ካዞሩበት በኋላ ከታች ወደ ወንዙ ይመልሱታል።

ትልቁን ድርሻ የወሰደው ግን በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ይኼኛው በጨረጨራ በኩል የሚመጣውን አይጠብቅም። ከጣና በወዲያኛው፣ በምዕራቡ በኩል፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውሃውን ይወስዳል። ስሌቱ ቀላል ነው። በጢስ ዓባይ ውሃው የሚወድቀው ከ40 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ነው። በበለስ በኩል ግን ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ያው አንድ ባልዲ ውሃ በበለስ ስድስት ሰባት እጥፍ መብራት ይሰጣል ማለት ነው። 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ቆሞ ሳለ ለፏፏቴ ተብሎ ውሃ ይለቀቅ ብሎ መከራከር ለእኛም ይከብደናል፤ ቢሯችን የሚበራው በመብራት ነው። ደግሞ ውሃው በበለስ ወንዝ ዞሮ ሱዳን ጠረፍ አካባቢ መልሶ ዓባይን ያገኘዋል። የሚቀርበት ጢስ ዓባይ ነው።

«ታዲያ ዝናቡ በሐምሌ አይደል እንዴ፣ ለምን በሐምሌ አንሄድም?» የሚሉን አሉ። መሄድ ይቻላል። ግን ጣና ትልቅ ጋን ነው። ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ይከርምና ሞልቶ የሚታየው መስከረም ላይ ነው። በሐምሌ ፏፏቴው ላይ የምታዩት ጎርፍ ብዙውን ጊዜ የሐይቁ ሳይሆን እንደ አንዳሳ ያሉ በመንገድ ላይ የሚገቡ ወንዞች ነው፤ ቀለሙም ድፍርስ ነው። በእኛ ምርጫ አንደኛ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። ያኔ ሐይቁ ሞልቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ፏፏቴው በደህና ዓመት እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ኅዳርም አያሳፍርም። ለታኅሣሥ ከተመዘገባችሁ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት የተነሳ ፎቶ እንልክላችኋለን፤ አይታችሁ ወስኑ።

ስለ ጉዞው ራሱ ብዙ የምንለው የለንም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ወጥተን ለምሳ እንመለሳለን። ከመኪና ወርደን ቁልቁል ስንሄድ የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለውን እናገኛለን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። እባካችሁ እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ያን ሁሉ ስፋት ይዞ የወረደው ዓባይ እግራችሁ ሥር በጠባብ ስንጥቅ ተጨናንቆ ሲያልፍ ታያላችሁ። እኛ እንደውም ከፏፏቴው ይልቅ ይኼን የምንወድ አለን።

ከድልድዩ በኋላ ዳገት ነው። መሬቱ እንዳልደረቀ አትርሱ። መስከረም ላይ ጭቃው ጫማ ሥር እየተጋገረ እግር ያከብዳል። አንዲት እንግዳችን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ መጥታ መጨረሻ ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የገባችው። ስኒከርም ቢሆን ሶሉ ያልተላጨ ይሁን። ስልካችሁን የምታስገቡበት ላስቲክ ያዙ። በተንጠልጣዩ ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ሥሩ ስትጠጉ ጢሱ ያረጥባችኋል፤ ስሙ እንዲሁ አልወጣለትም። ቀስተ ደመናውን የምትፈልጉ ደግሞ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ብትጠብቁ አታገኙትም።

አብዛኛውን ጊዜ ስንመለስ ወንዙን ከፏፏቴው በላይ በጀልባ እንሻገራለን። ወንዙ ከከበደ ግን እኛ አናሻግርም፤ በመጣንበት እንመለሳለን። «ሌሎቹ ይሻገራሉኮ» ብትሉንም ሐሳባችንን አንቀይርም።

ከጥር እስከ ሰኔ ላለው ጊዜ ቀድማችሁ የከፈላችሁ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ቀኑን ወደ መስከረምና ጥቅምት እናዛውርላችኋለን፣ ወይ ገንዘባችሁን ሳይቆረጥ እንመልሳለን። ደውሉልን ወይም ቢሮ ብቅ በሉ፤ ደረሰኙ ቢጠፋባችሁም ስማችሁ መዝገባችን ላይ አለ።

ለእኚያ አባት ደውለንላቸዋል። ገንዘቡን አልፈልግም፣ በጥቅምት ውሰዱኝ ብለዋል። ብሯንም ይዘዋት ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ክፍላችን