እሁድ የምናየው ሰው፦ አንዲ ካውፍማን

ሰላም ውድ አባላት፣

እሁድ ስንገናኝ የምናየው አሜሪካዊውን ኮሜዲያንና ተዋናይ አንዲ ካውፍማንን ነው። እኔ በጣም ነው የምወደው።

እ.ኤ.አ. በ1975 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ትርኢት በተጀመረበት ምሽት መድረክ ላይ ወጣ። የልጆች ካርቱን ዘፈን በሸክላ አጫወተ። ራሱ ግን ዝም ብሎ ቆመ፤ ዓይኑ ይቁለጨለጫል። አንዷ ስንኝ ስትደርስ ብቻ እጁን አንስቶ የሚዘፍን ይመስላል። ከዚያ ተመልሶ ዝም! ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። አንድም ቀልድ አልተናገረም እኮ።

በ1979 በኒውዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ትርኢቱን ሲጨርስ ተመልካቹን በአውቶቡሶች ጭኖ ወተትና ብስኩት ጋበዘ። «ታክሲ» በተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ላይ መካኒኩን ላትካን የተጫወተውም እሱ ነው። በ1984 በሳንባ ካንሰር ሲሞት ገና 35 ዓመቱ ነበር። አንዳንድ አድናቂዎቹ ሞቱንም ትወና መስሏቸው አላመኑም።

እባካችሁ የሸክላዋን ቪዲዮ ቀድማችሁ አትዩ፤ አብረን እንያት።