ጅማ ላይ ሆነን ስለ ዱጎንግ፦ የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ለምትሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ስለ ዱጎንግና ማናቲ ስናወራ ነው የከረምነው። ስታፍ ውስጥ "ጅማ ቁጭ ብሎ የባሕር እንስሳ?" ብለው የሳቁብኝ ባልደረቦች አሉ፣ ስም አልጠራም ራሳቸውን ያውቃሉ። ነገሩን ያመጡት ልጆቹ ናቸው፣ ቴሌግራም ላይ "ግማሽ ሰው ግማሽ አሳ ቀይ ባሕር ላይ ተገኘ" ምናምን የሚል ቪዲዮ ሲዞር ነበርና አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ስልኩን ይዞ መጥቶ "ቲቸር እውነት ነው እንዴ?" አለኝ። ዱጎንግ ነው አልኩት። "እና ስለሱ የሚባለው ሁሉ በምን ታወቀ?" ሲለኝ፣ በቃ ይቺ ጥያቄ ዓመቱን በላችው።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ዱጎንግ ሳንባ ያለው፣ ልጁን የሚያጠባ፣ የባሕር ሣር እየጋጠ የሚኖር እንስሳ ነው። ርዝመቱ እስከ 3 ሜትር ይደርሳል፣ ዕድሜው እስከ 70 ዓመት ይሄዳል (ዕድሜው የሚታወቀው ክራንቻው ተቆርጦ ውስጡ ያለው ንብርብር ተቆጥሮ ነው፣ ይሄ ልጆቹን በጣም ነው የገረማቸው)። ቀይ ባሕር ላይ ዳህላክ አካባቢ ጭምር አለ፣ ስለዚህ ያን ያህል ሩቅም አይደለም። ማናቲ ደግሞ ዘመዱ ነው፣ ሦስት ዓይነት አለው፣ የፍሎሪዳና ካሪቢያኑ፣ የአማዞኑ፣ የምዕራብ አፍሪካው። የሁለቱም የቅርብ ዘመድ ዝሆንና ሽኮኮ ነው። አዎ፣ ያ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ! ይሄን ሚኒ ሚዲያ ላይ ስናነብ ግቢው በሳቅ ነው የሞላው፣ ማስረጃው ግን ዲኤንኤ ስለሆነ ሳቁም አልሳቁም ያው ነው።

አንደኛ ሴሚስተር ላይ ገንዳ ውስጥ የሚደረጉትን ጥናቶች ነው ያየነው። ፍሎሪዳ ውስጥ "ሞት" (Mote) የሚባል የባሕር ምርምር ተቋም ውስጥ ሂዩ እና በፌት የሚባሉ ሁለት ወንድ ማናቲዎች ነበሩ፣ ለምርምር ተብለው የሠለጠኑ፣ ትክክል ሲመልሱ ምግብ እየተሰጣቸው ስንት ዓመት "ፈተና" ሲፈተኑ የኖሩ። ዓይናቸው ደካማ እንደሆነ የታወቀው በነሱ ነው፣ ምን ያህል ድምፅ እንደሚሰሙም እንደዚሁ። እኛ የወደድነው ግን የመነካካቱን ነው። የማናቲ ሰውነት ላይ ተበታትኖ ያለው ፀጉር እያንዳንዱ እንደ ድመት ጢም ነው የሚያገለግለው፣ በሱ የውሃውን እንቅስቃሴ ይሰማል፣ የፊቱ ደግሞ ይብሳል። መስመር የተቦረቦረበት ሰሌዳ ሰጥተዋቸው፣ የአንዱ መስመር ስፋት 2 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው ትንሽ የሚበልጥ፣ በፌት በፊቱ ፀጉር ነካክቶ የ0.05 ሚሊ ሜትር ልዩነት ለይቷል። ያ የሰው ጣት ከሚለየው ጋር የሚወዳደር ነው።

እኛም እንሞክረው ተባለ። ልጆቹ በምላጭና በማስመሪያ ካርቶን ላይ መስመር ሲቦረቡሩ ዋሉ፣ ግን የማስመሪያው ትንሿ መስመር 1 ሚሊ ሜትር ነች፣ 0.05ን ከየት ታመጣታለህ? በመጨረሻ አንዷ ልጅ ከቤት የተለያዩ ማበጠሪያዎች ሰብስባ መጣች፣ ጥርሱ ወፈር ያለው፣ መካከለኛው፣ የቅማል ማበጠሪያ የምንለው ደቃቁ፣ ዓይናቸውን በነጠላ አስረው በጣት፣ ከዛ በክንድ፣ ከዛ በጉንጭ መለየት ጀመሩ። በጣት ሁሉም ለየ። በክንድ ሲሆን ትርምስ! አንዱ ደቃቁን ማበጠሪያ "ይሄ ብሩሽ ነው" ብሎ ድርቅ አለ።

እዚህ ላይ ነው የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ የመጣችው፣ ከኋላ ወንበር፣ ብዙ ከማትናገር ልጅ፦ "ሁለት ማናቲ ብቻ ጠይቀው ስለ ማናቲ ሁሉ ይናገራሉ ማለት ነው?" እውነቷን ነው እኮ፣ ያውም ሁለቱ ራሳቸው አይመሳሰሉም፣ ያው ሰሌዳ ላይ ሂዩ የለየው ልዩነት ከበፌት አምስት እጥፍ በላይ ሰፊ ነበር። ገንዳ ውስጥ ሁሉን ነገር መቆጣጠር ትችላለህ ግን ያሉህ እንስሳት ሁለት ናቸው፣ ዱር ላይ ደግሞ ብዙ አሉ ግን አይታዩህም። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው እዚሁ ጅማ ያለው ረግረግ፣ ቦዬ፣ የሄድነው።

ቦዬ ጉማሬ አለ፣ የጅማ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሄለን ማርሽ የሚባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪ ዱጎንግን በአውሮፕላን ሲያስቆጥሩ በአንድ ጎን ሁለት ሰው እያስቀመጡ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ ሁለቱም ያዩትን ለየብቻ እንዲመዘግቡ ያደርጉ ነበር፣ አንዱ ያየው ሌላው ያመለጠው ስንት እንደሆነ ሲታይ ሁለቱም ያመለጣቸውን መገመት ይቻላል። እኛም አውሮፕላኑ ቢቀርብን በእግር ሄደን (ከውሃው ራቅ ብለን፣ ወላጆች እንዳትደነግጡ) ልጆቹን በቡድን ከፋፍዬ ሳይነጋገሩ አስቆጠርኳቸው። የሁሉም ቡድን ቁጥር ለየቅል ሆነ! ጭቅጭቁ ከቦዬ እስከ ትምህርት ቤት በር ድረስ አልበረደም፣ "አንቺ አንዱን ሁለቴ ቆጥረሻል" "አንተ ጆሮ ብቻ የወጣውን አልቆጠርክም" እየተባባሉ። ልክ ነው፣ ጉማሬ ይሰጥማል፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። አውስትራሊያ ላይም ችግሩ ይሄው ስለነበር የዱጎንግ ቅርጽ ያለው ሞዴል ሠርተው በተለያየ ጥልቀት ውሃ ውስጥ እያወረዱ ከላይ እስከ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚታይ ለክተዋል፣ ከዛ ዱጎንጎቹ ላይ ጥልቀት የሚመዘግብ መሣሪያ አስረው ምን ያህሉን ጊዜ በሚታይበት ጥልቀት እንደሚያሳልፉ አወቁ። የኛዎቹም በሚቀጥለው ጊዜ በስልክ ስቶፕዋች ጉማሬው የሚሰጥምበትን ሰዓት ይይዙ ጀመር፣ ማንም ሳያዛቸው። ፍሎሪዳ ማናቲን አንድ በአንድ በጠባሳው ይለዩታል፣ የጀልባ ፕሮፔለር ጀርባው ላይ በተወው ቁስል ማለት ነው። በስልክ ካሜራ የጉማሬ ጆሮ አንስተን እንዲሁ ለመለየት ሞክረን ነበር፣ የወጣልን ብዥ ያለ ጥቁር ነገር ብቻ ነው፣ እለፉት።

እዛው ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ነበሩና ልጆቹ "አባባ ድሮ ስንት ነበር?" ብለው ጠየቋቸው። ድሮ ይበዛ እንደነበር፣ ማታ ወጥቶ በቆሎ እንደሚጨርስባቸው አጫወቷቸው። ይሄም ራሱን የቻለ የምርምር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ቻይና ውስጥ በ66 የአሳ አጥማጅ መንደሮች 788 ሰዎችን "ዱጎንግ መጨረሻ ያያችሁት መቼ ነው?" ብሎ ጠይቆ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ያየ ሦስት ሰው ብቻ ነው የተገኘው። ከዚህ ተነስተው ነው ዱጎንግ ከቻይና ባሕር እንደጠፋ የሚቆጠር ነው ያሉት። እንስሳውን ሳታይ መጥፋቱን ታውቃለህ።

ሁለተኛ ሴሚስተር ክርክር አዘጋጅተን ነበር፣ "ገንዳ ውስጥ ይቀመጡ ወይስ አይቀመጡ?"። የሚቀመጡ ያሉት ስኑቲን አነሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ተወልዶ እስከ 2017 ድረስ 69 ዓመት ገንዳ ውስጥ የኖረ ማናቲ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የሞተው እዛው ገንዳው ላይ ባለ የቧንቧ ክፍል ገብቶ መውጣት አቅቶት ነው ብለው መለሱ፣ ጭብጨባውን እነሱ ወሰዱት። ዱጎንግማ ጭራሽ ከባድ ነው፣ የባሕር ሣር በየቀኑ ማቅረብ ስለሚጠይቅ በዓለም ላይ ገንዳ ውስጥ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ጃፓን ቶባ ላይ ያለችው ሴሬና ከፊሊፒንስ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ክርክሩን ያበላሸው (እኔ እንደሚመስለኝ ያዳነው) አንድ ልጅ ያመጣው የፍሎሪዳ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 1,100 ገደማ ማናቲ ሞቷል፣ ብዙው በረሃብ። ማዳበሪያና የቤት ፍሳሽ ወደ ውሃው ገባ፣ አልጌ በዛ፣ ብርሃን ከለለ፣ ሣሩ ሞተ። ከዛ ዓመቱ ሲያልቅ በገባው የብርድ ወቅት የመንግሥት ሠራተኞች ከ90 ሺህ ኪሎ በላይ ሰላጣ ውሃው ላይ በተኑላቸው። "ሰላጣ?!" አሉ ሁሉም ባንዴ፣ አንዷማ በሂርማታ ገበያ ዋጋ ማስላት ጀመረች። ወዲያው ወሬው ወደ ከተማችን ወንዝ ወደ አዌቱ ዞረ፣ ወደ ቡና ማጠቢያዎቹ ፍሳሽ፣ በመኸር ሰሞን ወንዞቹ እንዴት እንደሚሸቱ፣ ገንዳውን ማን ያስታውሰው። እኔ ካስተማርኩት ሁሉ ይሄ ሳላስተምር የገባቸው ነው።

ሌላ የተሠራ፦ የካሜሩኑ ተመራማሪ አሪስቲድ ታኩካም ካምላ ኦሳ ሐይቅን የወረረ አረም ማናቲዎቹን ሲያፍንባቸው አረሙን ብቻ የምትበላ ትንሽ ጢንዚዛ አራብተው መልቀቃቸውን በሚኒ ሚዲያ አቅርበናል፣ የጣናውን እምቦጭ የሚያውቅ ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ነው የሰማው። ችግኝም ተክለናል፣ እንደ ሁሉም ክበብ።

የ12ኛ ክፍሎቹ ፈተናቸውን ወስደው ሊለዩን ነው፣ የቦዬው መዝገብ ግን በ11ኛ ክፍሎቹ እጅ ነው ያለው። ለሚቀጥለው ዓመት በበጋም በክረምትም መቁጠር እንፈልጋለን። ቤቱ የተቀመጠ ባይኖክዮላር ያለው ወላጅ ካለ አሮጌም ቢሆን እንቀበላለን፣ መመዝገብ የምትፈልጉ ልጆች መስከረም ላይ ላብራቶሪ ክፍል ኑ፣ ማበጠሪያዎቹም እዛው ናቸው፣ ባለቤቶቻቸው መጥታችሁ ውሰዱ።