ታናሽ ወንድሜን የምታነሳው ልጅም ሰራተኛ ናት

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) አለበት፣ 26 ዓመቱ ነው። ደብዳቤውን የምጽፈው ግን ስለሱ ብቻ ሳይሆን እሱን ስለሚረዱት ሰዎች ጭምር ነው፣ ስለነሱ ማንም ሲያወራ አልሰማሁምና።

ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ቶሎ ቀና ላርገው ካላችሁ እግሩ እንደ እንጨት ይገተራል፣ ያመዋልም። አንድ እጅ ከጉልበቱ ስር አስገብቶ ትንሽ እጥፍ አርጎ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፣ ቀስ እያለ ይላላል። ሶስት ዓመት አብራን የኖረችው ልጅ ይሄን ተክናበት ነበር፣ ሲበላ ቀና ብሎ ካልተቀመጠ ትን እንደሚለውና ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል፣ ማታም ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ የአልጋ ቁስል እንደሚያወጣ ታውቃለች። ባለፈው ክረምት አረብ ሀገር ሄደች። አልፈርድባትም፣ እዛም የምትሰራው ያንኑ ነው፣ አንዲት አሮጊት ነው የምትንከባከበው፣ ክፍያው ግን ከኛ ጋር አይወዳደርም። ከሷ በኋላ ሁለት ሰው አለማምደናል፣ በመሀል ወንድሜ ወገቡ ላይ ቁስል ወጥቶበት ሁለት ወር በደረቱ ተኛ።

ህግ የለም እንዳይባል አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግስት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ይረዳል ይላል፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግስታት የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽንም አንቀጽ 19 ላይ ሰው ከማህበረሰቡ ሳይነጠል እንዲኖር የግል ረዳት ጭምር እንዲያገኝ ይላል። የስራ ስምሪት አዋጁ 568/2000 እንኳን አሰሪ ለአካል ጉዳተኛ ሰራተኛው ረዳት እንዲመድብ ያዛል። እቤት ውስጥ ያለችዋ ረዳት ጋ ስንመጣ ግን የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም፣ ስለሱ ሌላ ደንብ ይወጣል ብሎ ነው ያለፈው። ስለዚህ የስራ ሰዓቷም የእረፍት ቀኗም ሁሉም በኛ ቤት ህሊና ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ይሄ ደግሞ ለሷም ለኛም ጥሩ አይደለም።

ማዕከል ተሰርቶ እዛ ይግቡ የሚሉ ደግ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም። ወንድሜን ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ሱቅ ያለው ሰውዬ ሳይጠየቅ የሚወደውን ብስኩት ያወጣለታል፣ በዊልቸሩ ስናልፍ ሊስትሮዎቹ በስሙ ነው የሚጠሩት። ይሄን ሁሉ አስጥሎ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ለኔ እርዳታ አይደለም።

የሚሆን ነገር ደግሞ ከራሳችን አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሰልጥነው፣ ደሞዝተኛ ሆነው ነው ቤት ለቤት የወጡት፣ ክትባቱም የእርግዝና ክትትሉም በነሱ እጅ ነው ገጠሩ ድረስ የገባው። ለአካል ጉዳተኛ ቤቶችም በየወረዳው እንደዛ የሰለጠኑ፣ ሰርተፊኬት ያላቸው፣ ደሞዝና ጡረታ ያላቸው ደጋፊዎች ቢመደቡ፣ ስልጠናውን ፊዚዮቴራፒስቶች ቢሰጡ፣ እቤት የቀረችዋ እናትም በሳምንት አንድ ቀን እንኳን ወጣ ብላ ለቅሶ ደርሳ ብትመለስ (በሰፈራችን 15 ዓመት ሙሉ ሌሊት ተነስታ ልጇን የምታገላብጥ እናት አለች፣ ወገቧ አልቋል፣ አንድ ቀን ተክቷት የሚያድር ሰው አግኝታ አታውቅም)። አቅም ከሌለ በጥቂት ወረዳ ይጀመር፣ እድሮችም ይግቡበት፣ የትኛው ቤት ማን እንዳለ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወረዳችን ይሄን ከጀመረ አነሳሱንም አመጋገቡንም እኔ በነጻ አሳያለሁ፣ ወንድሜንም ጠይቄዋለሁ፣ እኔ ላይ ይለማመዱ ብሏል።

አክባሪያችሁ
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ