«ዳሺያው» ጄኔራል አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ቻይና አየር ኃይል በሚወጡ ዜናዎች «ዳሺያው» የተባለው ማዕረግ «ብርጋዴር ጄኔራል» ተብሎ ሲተረጎም በተደጋጋሚ አነባለሁ። ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ መኮንኑን ከኮሎኔሎች መደብ አውጥቶ ከጄኔራሎች ተርታ ያሰልፈዋል።

የቻይና የማዕረግ ሥርዓት ብርጋዴር ጄኔራል የሚባል ደረጃ የለውም። ከሻለቃ እስከ ዳሺያው ያሉት አራቱ ማዕረጎች ሁሉም «ሺያው» በሚለው ቃል ያበቃሉ፤ ትከሻቸውም ላይ ሁለት መስመር አለ፣ የዳሺያው ከአራት ኮከብ ጋር። ከእሱ በላይ ቀጥሎ ያለው «ሻውጂያንግ» ሜጀር ጄኔራል ነው። ዳሺያው የብርጌድ አዛዥ ሊሆን ይችላል፤ ኃላፊነቱ ግን ማዕረጉን አይለውጠውም።

ኮከብ ቆጥሮ መተርጎምም ያሳስታል። በአሜሪካ ባለ አንድ ኮከብ ጄኔራል ብርጋዴር ጄኔራል ነው፤ በቻይና ግን ሜጀር ጄኔራል ነው። የቻይናው ሙሉ ጄኔራል «ሻንግጂያንግ» ሦስት ኮከብ ሲኖረው የአሜሪካው አራት አለው። ስሙን ብቻ መከተልም እንዲሁ ነው፦ የብሪታንያ አየር ኃይል «ግሩፕ ካፕቴን» ከኮሎኔል ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ «ካፕቴን» የሚለውን ብቻ ያየ ተርጓሚ ሻምበል ያደርገዋል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ «ዳሺያው»ን «ከፍተኛ ኮሎኔል» ብሎ እንዲጽፍ፣ በመጀመሪያው አጠቃቀም ላይ የቻይንኛውን ስም በግዕዝ ፊደል በቅንፍ እንዲያስቀምጥ፣ ለአርታኢዎችም አሥሩን የመኮንን ማዕረጎች ከአማርኛ አቻዎቻቸው ጋር የያዘ የአንድ ገጽ ሰንጠረዥ እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ